ኮቴ

ሳስካቱን ላይ ጥር ነው፤ ጎህ ገና አልቀደደም፤
ከምድር ቤቱ ብረት የሚቀድመን የለም።
አባቷ ከውጭ፣ መኪናው ሳይጠፋ፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ፣ ቀበቶው ላይ አንቀላፋ።

ቴጋን፣ የመረብ ኳስ ልጅ፣ ቁመቷ ሸንበቆ፣
ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይገባል ተጣብቆ።
«ልጨምር?» ትላለች። «ተረከዝ አታንሺ፤
በቀስታ ውረጂ፣ በቀስታ ተነሺ።»
አሥራ አምስት ዓመት ግን ቀስታን መቼ ያውቃል?
ዓመቱን በአንድ ሌሊት መዝለል ይፈልጋል።
ኅዳርም ባዶ ዘንግ፣ ታኅሣሥም ባዶ፤
አንድ ቀን ጓንቷን ጥላ ወጣች ወደ በረዶ።
በማግሥቱ መጣች፤ ምንም አልተናገርን፤
እሷ ዘንጉን ያዘች፣ እስከ ስምንት ቆጠርን።

ያልነገርኳት ነገር፦ አምና ማሬን ዘላ፣
ነጥቡን አስቆጥራ፣ በአንድ እግሯ አዘንብላ
ስታርፍ፣
አዳራሹ አጨበጨበ፤
እኔ ግን ጉልበቷ «ቋ» ሲል ሰማሁ።
ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ፤
ዝላይ አልቆጥርም፣ ማረፍ እቆጥራለሁ።

ትናንት በአራተኛው ዙር ኳሷ ከፍ አለች፤
ቴጋን በሦስት ርምጃ ተንደርድራ ዘለለች፤
መታቻት። መረቡ መለሳት። ነጥቡ ሄደ።
ጉልበቷ ግን በእግር ጣቷ ልክ ቀጥ ብሎ ወረደ።
ጓደኞቿ «አይ!» አሉ፤ እሷም ፊቷን ሸፈነች።
እኔ ኮቴዋን ጠበቅኩት።
ዝም።
ወለሉ እንኳ አልነቃም።

ዛሬ ሳትጠይቀኝ፣
በዘንጉ ግራና ቀኝ፣
ሁለት ተኩል ኪሎ፣
ሁለት ተኩል ኪሎ።