ጠርዙ አይቆረጥ

ሽፋን የለው፣ ርእስ የለው፣
ከገጽ ዘጠኝ ነው የሚጀምረው፤
አባቴ ሙሄ ከአሰብ ወደብ በሁለት ብር የገዛው፣
ከኤንትሬው መቀመጫ ሥር ሸጉጦ ያመጣው፣
ጨው የነፋው፣ ናፍጣ የጠጣው፣
ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ድልድይ ማዶ፣
በሳምንት ሃምሳ ሳንቲም የምናከራየው።

ጸሐፊው እንግዳ ነው፤ ባሕር አቋርጦ የመጣ፣
በመርከብ ሆዱ ተገላብጦ፣ አሸዋ ላይ የወጣ።
ስለ ግመሎቹ ሦስት ገጽ፣
ስለ ጫማው አንድ ገጽ፣
ስለ ጥማቱማ ምዕራፍ ሙሉ ሲጽፍ፣
ስለ መሪው ሁለት መስመር፣ እንደ ዋዛ የሚያልፍ፦
«መሪያችን የአገሩ ሰው ነው። ዝምተኛ ነው።
ስሙን አልያዝኩትም።» በቃ፣ ይኸው ነው።

አባቴ ይህን ሲያነብ ዶቢ ሜዳ ላይ ነበር፣
ጎማው ተቀብሮ፣ ረዳቱ ታሞ፣ ራዲያተሩ ሲዘምር።
በሦስተኛው ቀን ያዮ የሚሉት መጣ፣
ቅል ሙሉ ወተት ይዞ፣ ከሚንቀለቀለው አየር ወጣ።
ተቀመጠ። አወራ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ጠፋች ግመል፣
ስለ ሚስቱ ወንድም፣ ስለ አንድ ጉድጓድ በደል።
አባቴ ከአፋርኛ አርባ ቃል ነው የሚያውቀው፣
ግማሹም የዕቃ ዋጋ ነው፤
ቢሆንም እስኪነጋ ሰማው።

ማለዳ እርሳሱን በምላሱ አርጥቦ፣
ገጽ ስድሳ አንድ ኅዳግ ላይ፣ ፊደሉን አጣቦ፣
«ዋሸህ ጌታው። ያዮ ዝም አይልም።
ስም እንደ በረሃ ውሃ ተመጥኖ አይሰጥም፣
ብትጠይቀው ይነግርህ ነበር» ብሎ ጻፈ።
ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ እየወፈረ አለፈ።

የጨርቃ ጨርቋ ዘምዘም፣ ከሌሊት ፈረቃ መልስ፦
«መርከቡ ላይ ማን ያበስላል? ማን ያጥባል ልብስ?»
አንድ የሆጤ ተማሪ፣ በቀይ፦ «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?»
አንድ ወታደር፣ ስሙን ሳይጽፍ፦ «እኔም አልፌበታለሁ። ሌሊት ይበርዳል።»
ከሥሩ ሌላ እጅ፦ «አሁን የት ነህ?»
መልስ የለም።

ኋላ የአሰብ መንገድ ተዘጋ።
አባቴ ባሕሩን በጅቡቲ በኩል ዞሮ አየው፤
«ያው ውሃ ነው ይሉኛል፤ ሽታው ግን ያ አይደለም» አለ፣
ሁለተኛም አላነሣው።

ባለፈው ዓመት፣ ደረቅ ወደቡ በር ላይ ኮንቴይነር የምትመዘግብ፣
ሃዋ የምትባል የሎግያ ልጅ ወሰደችው ልታነብ፤
ስትመልስልኝ ትስቃለች። ከአባቴ እርሳስ ሥር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፦
«የእኔም አያት ያዮ ነው። ግን ይኸኛው አይደለም።
የእኛ ያዮ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ግመል አይወድም።
ያዮ ብዙ ነው፣ ሙሄም ብዙ ነው።
የዚህኛው ስም ገና አልተነገረም።»
አባቴ ይህን ሳያይ ነው የሄደው።
ቢያይማ መልስ ይጽፍላት ነበር፣ ያውም በቁጣ።

ዛሬ ጥዋት ጭኔ ላይ አድርጌው
ሐረጎን በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣሁ።
ጉም ነበር፣ ከታች እስከ ላይ።
ባሕር መሰለኝ ልል አሰኘኝ፤ ተውኩት።
ያላየሁትን በምን አውቄ?

ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣ ጠራዡ ጋሽ ወንድይፍራው
መጽሐፉን እንደ ዶሮ መዘነው፣ ገለበጠው፣ አሸተተው።
«ይጠረዛል» አለ፤ «ግን ዳሩ ተበልቷል፤
ሦስቱን ጎን ጣት ጣት ያህል ብላጨው ቀጥ ይላል፣ ያምራል።»

ጣት ያህል።
ጣት ያህል ማለት ያዮ ነው፣ ዘምዘም ናት፣
ወታደሩ ነው ከነብርዳም ሌሊት።
የሚተርፈው ያ እንግዳ ነው፣ ከነጫማው፣ ብቻውን፣
በንጹሕ ወረቀት ላይ እንደ ልቡ ሲሆን።

«አይቆረጥ።»
«ይጎረብጣል።»
«ይጎርብጥ።»
«መደርደሪያ ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም።»
«መቼ ቆሞ ያውቅና፤ ሰው እጅ ላይ ነው የሚውል።»

ክሩን በሰም እየሳበ፣ ቀና ሳይል፣
«ጀርባው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።
እኔ ገጽ ስድሳ አንድን እየፈለግሁ ነበር።
«እርሳስ አለህ?» አልኩት።