የተመለሰው ገብስ

ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ ዝናቡ ይዞን ስናዘግም፣
ጥጋቡ ሞተሩን አጥፍቶ፦ «ከዚህ ወዲያ መኪና አያልፍም።
ያቺ ጭስ የምትተነፍስ፣ ከባሕር ዛፉ ጥግ ያለች ቤት፣
አየሃት? የዝማም ናት፤ የኮረፌ ጠማቂዋ ሴት።
ደምቢያ ተወልዳ፣ ወገራ ተድራ፣
ጥሎሽ ያልቆጠረላትን ሙያ ይዛ የመጣች አብራ።
ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ አንዳንድ ጣሳ እንልና፣
እንወርዳለን፤ ምን ያስቸኩላል፣ ቀኑ እንደሆን ገና ነውና።»

ዝማም።
ስሙ አንገቴ ላይ ወረደ፣ ከዝናቡ ይልቅ ቀዝቅዞ፤
በእጄ የጻፍሁት ስም ነው፣ ቀይ ብዕሬ ትእዛዝ ይዞ።
ባለፈው ጥር፣ ከፋብሪካው በር፣ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ፣
(ገብስ መርማሪ ነኝና፤ በዚሁ ነው ያለፈው ዕድሜ)
መሣሪያውን ጆንያዋ ላይ ሰካሁ፤ ቁጥሩን አነበብሁ፤ ጻፍሁ፦
«ሦስት ኩንታል። እርጥበት አሥራ አምስት። ተመላሽ።» ደግሜም አላየሁ።
አልተማጸነች፣ አልተራገመች፤ አህዮቿን መልሳ ጫነች፤
አንዴ ብቻ፣ ከእግር እስከ ራስ፣ እንደ ሚዛን አየችኝና ሄደች።

«ቤቶች!» አለ ጥጋቡ። ውሻው ጮኸ። ጫማዬን ጭቃው ዋጠው።
እሷም ከጓዳ ብቅ አለች፣ ክንዷን ጌሾው እንደለወጠው።
አወቀችኝ? እንጃ። ዓይኗ ትንሽ ቆየ፣ ትንሽ አመነታ፤
«ግቡ» አለች፤ «ዝናብ እንደሁ ማንንም መርጦ አይመታ።»

ጨለማው ውስጥ አምስት ጋን፣ አፋቸው በጭቃ ተመርጎ፣
ከሽማግሌ ፊት እንደ ቀረበ ባላጋራ፣ እያንዳንዱ ነገሩን ሸሽጎ።
አንደኛው ብቻ ይናገራል፤ ጆሮ ለሰጠው፣ ከውስጡ
ቡልቅ ቡልቅ፤ ልጆች ሳቅ አፍነው ከአልጋ ሥር እንደተሸጎጡ።

ጣሳው መጣ። አረፋው ከአፉ አልፎ እንደ ጥምጥም ተቆልሎ፣
ከመጠጡ ቀድሞ ጢሜን ያዘው። ጎመዘዘኝ። ጌሾው ቀጥሎ
ምላሴን ጥጉ ላይ ነከሰኝ። ከዚያ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ፣
ገብስ ሸተተኝ፣ ሊያርር ጥቂት ሲቀረው፣ እሳት ዳር እንደሚቆላ።

«ስንት ቀን ፈጀ?» አልሁ፤ የሙያ ነገር፣ አፌ አላስቻለውም።
«ቀን?» አለች፤ «ይሄ ነገር በቀን በቀን አይቆጠርም።
ዱቄቱ ውሃ ነክቶት ሦስት ወር አኩርፎ ይከርማል፤
አይከፍቱት፣ አይለማመጡት፤ ያኮረፈ ሲነካ ይገማል።
ኋላ ብቅልና ጌሾ ጨምረው፣ ማታ ውሃ ሲሰጡት፣
ጠዋት ስቆ ይጠብቃል፤ ቂምህ የት ገባ ብለው አይጠይቁት።»

እንጉዳይ፣ ልጇ፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከምድጃው ማዶ፦
«እማዬ፣ ይሄኮ ያ ሰውዬ የመለሰው ገብስ ነው!» አለች።
እሳቱ ተንጣጣ። ጥጋቡ አየኝ። ጣሳው እጄ ላይ ከብዶ
ቀረ።
«ዝም በይ» አለች ዝማም። ዳግመኛ ሞላችልኝ፣ እስከ አፉ፤
ጠጣሁት። በእኔ በር ያላለፉ ፍሬዎች በጉሮሮዬ አለፉ።
ከረጢቴ ውስጥ ያለው መሣሪያ ስለዚህ ምን ይለኝ ነበር?
አላወጣሁትም፤ ፈራሁ፤ እሱም እንደ እኔ እንዳይሰክር።

ዝናቡ ሲያባራ ተነሣን። መቶ ብር ከኪሴ መዝዤ
ሰጠኋት፣ እንደ ጥፋተኛ በሁለት እጄ ይዤ።
ተቀበለች። በሩ ድረስ ሄዳ ለብርሃኑ ዘረጋቻት፤
በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ፣ ልክ እንደ እኔ፣ አሸት አሸት አደረገቻት።
ከዚያ ዞራ፣ ፊቷ ሳይፈታ፣ ድምጿ እንደ ማኅተም ቀጥ ብሎ፦
«እርጥበት አላት» አለችኝ። «ተመላሽ።»
ጥጋቡ ወጣ፣ ሳቁን ለውሻው አቀብሎ።

ማታ ጎንደር ስንገባ፣ የፋብሪካው መብራት ሲታይ፣
ጢሜ ላይ አረፋ ደርቆ፣ ዘበኛው ሳቀ እኔን ሲያይ።
እሷ ትሳቅ አትሳቅ እንጃ፤ ፊቷን ወደ ጋኑ አዙራ ነበር፤ አላየሁም።
ብሯ መዝገቤ ውስጥ ናት፣ በዚያው ገጽ። ደርቃለች። አልመነዘርኋትም።