ጠብ ያላለው

«ጋዝ ሙላልኝ» ብለህ ዛሬም መጣህልኝ፣
ሞተር ሳታጠፋ «ቶሎ በል» እያልከኝ፤
ሦስተኛህ ነው፣ ኡባልዶ፣ ሰኔ እንኳን ሳይገባ፣
የኤርሞሲዮ ፀሐይ አስፋልት እያለፋ፣
ላብህ ሸሚዝህ ላይ ካርታ እየቀባ።

ጎንበስ ብለህ ደግሞ «ይኸው» አልከኝ በጣትህ፣
ከታክሲዋ ሆድ ሥር ኩሬውን አሳይተህ።
እሱ ውሃ ነው፣ ወዳጄ፣ የአየር ላብ ነው፣
ቀዝቃዛ ቧምቧ ነክቶ የተንጠፈጠፈው፤
ጤና ነው፣ ተወው፣ የጋራዡ ድመት ትላሰው።
አንተን የሚያከስርህ ጠብ ያላለው ነው፣
ሽታ የሌለው፣ መልክ የሌለው፣
ከብረት ጉሮሮ ትንፋሹን ሰርቆ የሚወጣው።

መሙላቱንማ እሞላልሃለሁ። ምን ቸገረኝ?
ዶኛ አምፓሮን ከኩላሊት እጥበት ስትመልሳት
ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሜን እያነሳች ትመርቀኛለች፤
በአራተኛው መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ዝም ትላለች።
በቀዳዳ ጆንያ እህል ተሸክሞ
ፊት ፊቱን እያየ እንደሚሄድ ሰው ነህ፤
ወፍ ብቻ ናት ኋላህን የምታውቅልህ።

«የወጣው የት ይገባል?» ብለህ ጠይቀህ አታውቅም።
እኔም አልጠየቅኩም።
ዶን ኤውሴቢዮ ጋ ተቀጥሬ ስሠራ፣ በጎረምሳነቴ፣
ያን አሮጌ ጋዝ፣ አሁን የተከለከለውን፣
ቫልቩን በመፍቻ ከፍቼ ወደ ሰማይ እሸኘው ነበር፤
እሽሽሽ ይላል፣ ልጅ እንደምታባብል እናት፣
እኔም በዚያ ድምፅ እባበል ነበር።
በቀን አምስት መኪና። በዓመት ስንት? አልቆጠርኩም።
ሰማይ ግን ቆጥሯል።
አንድ ቀን ፈሳሹ አውራ ጣቴን ላሰኝ፣
በአርባ ስድስት ዲግሪ ሐሩር ውርጭ መታኝ፤
ያውልህ ጠባሳው።
ያኔም አልነቃሁም።

ያነቃችኝ ብሪሲያ ናት፣ የእህቴ ልጅ።
ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በወጣች በሳምንቷ
ቫልቩን ልከፍት ስል እጄን ጥርቅም አድርጋ ያዘችኝ፤
«የዚህ አንድ ኪሎ» አለች፣ «ከሺህ ኪሎ ጭስ ይብሳል፤
አጎቴ፣ አንተ እኮ ላዩን ሰማይ እያሞቅክ
ከታች ብርድ ትሸጣለህ!»
ሳቅኩባት።
ሌሊት ግን ዓይኔን ጣራው ላይ ተክዬ አደርኩ።
ይሄ ጋዝ የሚጠባ ማሽን፣ ዕዳው ገና አላለቀም።

ስለዚህ ቁልፉን አምጣ፣ ወንበር ሳብና ተቀመጥ።
ባለፈው ከጋዙ ጋር ቀለም ጨምረንበት ነበር፤
ብሪሲያ ቢጫ መነጽሯን አድርጋ
በሐምራዊ መብራት ጓዳ ጎድጓዳውን ትበረብራለች፤
«አገኘሁት!»
ና እይ፣ ከኮምፕረሰሩ ጀርባ፣ መጋጠሚያው ላይ፣
አብሪ ትል የምታህል አረንጓዴ ብልጭታ።
የጎማ ቀለበት ናት፣ ደርቃ የተሰነጠቀች፣
ለሕፃን ጣት እንኳን የምትጠብ፣
ዋጋዋ አሥራ ሁለት ፔሶ።
ለእሷ ብለህ ሦስት ጊዜ ሰማይን ጋበዝከው።

የቀረውን ጋዝ ወደ ሲሊንደሩ እንመልሳለን፣ በሚዛን፤
እሱንም እስከ አፉ አንሞላውም፣
ብረትም ሲሞቀው ይጨንቀዋል።
ከዚያ ባዶውን ቧምቧ ግማሽ ሰዓት እናስጠባዋለን፣
ፓምፑን አጥፍተን መርፌዋን እናያለን፤
ከተነቃነቀች፣ ሌላ ወሬ አቀባይ ውስጡ አለ፤
ካልተነቃነቀች፣ ምሥጢር የሚቋጥር አገኘን ማለት ነው፣
አይተነፍስም።

ሰዓትህን ተው። የዶኛ አምፓሮ ተራ አሥር ሰዓት ነው፣ ትደርሳለህ።
ሂሳቡም ይበዛብሃል፣ አውቃለሁ፤ በሁለት ጊዜ ክፈለኝ።
ሦስተኛ ከመጣህ ግን ለሰላምታ ይሁን።

መርፌዋ ቆማለች።
አሁንም ቆማለች።
እስቲ አስነሳው። እጅህን አስጠጋ።
ትንሽ ቆይቶ ሥሩ ኩሬ ይጠራቀማል፣
ድመቷም ትመጣለች፤
ለእሱ ብለህ እንዳትደውልልኝ፣
እሱ ውሃ ነው።