እሳት ልጫር

ማራኪ ግቢ ነኝ፤ ሌሊት ነው፣ የእኔ ተራ፤
ጄኔሬተሩ ገና አስሎ አስሎ ነፍስ ዘራ።
ቧንቧው ደርቋል ደግሞ፤ ስላይዱን በጀሪካን
ቆጥቤ ነው ያጠብኩት፣ ጠብታ ሳላባክን።
ከመስታወቱ ሥር፣ ሰማያዊ ጠጥታ፣
አንዲት ሕዋስ አለች፣ በዝምታ ተኝታ።

ከመሐሏ ያለው፣ የጠቆረው ነገር፣
ሁለት ሜትር ክር ነው፤ ልብ በሉ፣ ሁለት ሜትር፤
ከጤፍ ቅንጣት መቶ ጊዜ በጠበበች ጓዳ
የተጠቀለለ፣ እንዳይጋለጥ ለእንግዳ።
እናታችን ብታይ «ልቃቂት ነው» ባለች፤
«ካልላላ አይሸመን» ትል ነበር በሕይወት ሳለች።

ታዲያ ማን ያላላው? አንድ መልእክተኛ፣
በደም ጎርፍ ተጉዞ ከደጇ የተኛ፣
በግንቡ ዘመን እንደነበረ ባለጉዳይ፣
እግሩ ከደጅ ቆሞ፣ ዓይኑ እልፍኙ ላይ።
ደጅ ይጠናል እንጂ ጨርሶ አይገባም፤
የነካው በረኛ ግን ዝም ብሎ አይቆምም።

ከዚያ ወዲያ ያለው የጎረቤት ነገር፦
«እሳት ልጫር» ብሎ ደጅ ለደጅ መዞር፤
ፍም በገል ይዞ ካንዱ ወዳንዱ ቤት፤
ተቀባዩም ወዲያው ለሌላው መስጠት።
የኛ ሰው ፍም ይላል፣ መጽሐፉ ፎስፌት።
አንዱ ለሁለት ሰጠ፣ ሁለቱ ለአሥር፤
ሹክሹክታው ጩኸት ሆነ ከመንደር መንደር፤
የመጨረሻው ሰው፣ እጁ እየተቃጠለ፣
የልቃቂቱን ጫፍ «እባክህ ላላ!» አለ።

ላላ።

ተጣብቆ የኖረው ተነበበ አንድ ቃል፤
ሌላው ደግሞ ጠብቆ እንደታሸገ ይውላል።
ቆዳ ውስጥም፣ ዓይን ውስጥም ያው ክር ነው ያለው፤
የላላው ቦታ ነው ዓይንን ዓይን ያሰኘው።
አንዳንዴ ግን እሳቱ ከጠፋም፣ ካለፈም፣
ጥቀርሻው ክሩ ላይ ይቀራል፤ አይለቅም።

መንታ እህት አለችኝ፣ ስሟም ጥሩአየር፤
በአንድ ማሕፀን፣ በአንድ ክር የተፈተልን ነበር።
ፊደል አንድ፣ ገጽ አንድ። እሷ ግን አዘዞ፣
ባሏ ከወጣ ወዲህ ባዶ ጆንያ ይዞ፣
ጆሮዋ በር ላይ ነው፣ ሌት ከቀን፣ ክረምት በጋ፤
እንቅልፍ ደጅ እየጠና፣ ሳይገባ ስንቴ ነጋ!
ኮቴ በሰማች ቁጥር በደሟ ፍም ይሮጣል፤
ከእኔ በአሥር ዓመት ፀጉሯ ቀድሞ ሸብቷል።

«ሽበት የዘር ነው» አለኝ ተማሪው እንዳላማው፤
ዘሩ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ታዲያ የእኔስ የት ነው?
መልስ የለኝም። ይህች ሕዋስ የእሷ አይደለች፤
ቁጥር ነው ያላት፣ የማላውቀው በሽተኛ ነች።

መብራቱ ሄደ ደግሞ። ስልኬን አወጣሁና፣
ስሟ ላይ ጣቴ ቆመ፤ ሌሊት ነው ገና፤
የእኩለ ሌሊት ጥሪ ፍም ነው ለእሷ ቤት።
ሲነጋ በታክሲ ወረድኩ፣ ያለ ቁርስ፣ ያለ ዕረፍት።
አላንኳኳሁም በሩን። ካጥሩ ማዶ ቆምኩ፤
ዝግ ብዬ «ጥሩዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ዝም።

ቆይቶ መወርወሪያው ሲንሸራተት ሰማሁ፤
ግማሽ ያህል ላላ። እኔም ደጅ ጠናሁ።