ዜሮ ከላይ ነው

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በቆርቆሮ፣ በግድግዳ፣
የሰው ስም ስጽፍ የኖርኩ ነኝ፣ ከፒያሳ እስከ አራዳ።
«ብርቄ ልብስ ስፌት» የኔ እጅ ነው፤ «እንየው ሻይ ቤት» የኔ፤
መሰላል ጫፍ ላይ ቆሞ አለቀ ዘመኔ።

ከዚያ ማሽኑ መጣ፣
ባነር እንደ ምላስ ከአፉ የሚያወጣ፤
በሻይ መጠጫ ሰዓት የሳምንቴን ተወጣ።
ብሩሼን በጋዝ አጥቤ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣
ለዚያው ለማሽኑ ቤት ዘበኛ ሆንኩኝ፣ ዱላ ተቀብዬ።

ውባንቺ ናት ሠራተኛዋ። አንድ ማታ ቁልፍ ስትሰጠኝ
የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል መዳፌ ላይ ጻፈችልኝ።
«ቪዲዮ አውርጄልዎታለሁ፣ አሥራ ሁለት ክፍል ነው፤
ከማንጎላጀት ይሻላል፣ ጋሽ አስረስ፣ እስቲ ይዩት ምን እንደሆነው።»

የሚያስተምረው ልጅ ፊቱ አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ነው፣
ቀስቱ ስክሪን ላይ ሲሮጥ እንደ ዝንብ ነው የማየው።
«ጤና ይስጥልኝ፣ ክፍል አንድ» ይላል፤ ይቸኩላል፤
«ቆይ» ስለው ይቆማል፣ «ድገም» ስለው ይደግማል።
አርባ ጊዜ ባስለፈልፈው አንድ ቀን አልተቆጣ፤
እንደ የኔታ ቢሆን አርጩሜው በመጣ።

መጀመሪያ የገረመኝ፦ ዜሮ ከላይ ነው አለ፤
በግራ ጥግ፣ ጣሪያው ሥር፤ ቁጥሩ ወደ ታች እያየለ።
እኔ የማውቀው ሽቅብ ነው፤ ገንዘብም፣ ማዕረግም፣
ሲጨምር ወደ ላይ ነው፤ ቁልቁል ሲበዛ አላየሁም።
ኋላ ሳስበው ግን ከተማዬም እንደዚያው ናት፤
ዜሮዋ እዚያ ነው፣ ግንቡ ያለበት፤
ከዚያ ቁልቁል ስትሄድ፣ በድንጋዩ፣ በአጥር ለአጥር፣
ቀሃ ወንዝ እስክትወርድ የሰው ብዛት ሲጨምር።
የኔ ቤት ከወንዙ አፋፍ ነው። ለካ ትልቁን ቁጥር የያዝኩ እኔ ነኝ!
ለብቻዬ ሳቅሁ ሌሊት፤ ሌባም ካለ፣ ይታዘበኝ።

ክፍል ሦስት ላይ ተጣላን። ልጁ እንዳለው መስመሩን ቋጨሁ፤
ቀይ ነደደ። ደገምኩ። ቀይ። እስከ ሰባት ሰዓት አፈጠጥሁ።
ነገሩ ምን መሰለህ፦ የልጁ ነጥብና ጭረት፣
የኔ ግን የኛው ድርብ ሰረዝ፣ እጄ የለመደው ሃያ ሦስት ዓመት።
ማሽን ሰረዝ ይመርጣል! የኔን አይቶ አላወቀም፤
«አላውቅህም» ይበለኝ እንጂ «ተሳስተሃል» አይባልም።

ክፍል ስድስት ክብ ነው። «መሃሉን ንገሩት፣ ስፋቱን ንገሩት» አለ።
ይሄን እኮ አውቀዋለሁ! ሚስማርና ሲባጎ ነው፣ ዛሬም ከኪሴ ያለ።
ሚስማሩ መሃል፣ ሲባጎው ስፋት፤ የስንቱን ጎማ ቤት ምልክት
በዚህ ነው ያዞርኩት፤ ፕሮግራም ኖሯል፣ ስሙን ሳላውቅለት።

ሦስት ቁጥር ሰጠሁት። ክቡ መጣ፣ እንከን አልባ፣
እንደ አዲስ ሳንቲም። አላምር አለኝ፤ ከዓይኔ አልገባ።

መስኮቱን ከፈትኩ። ማዶ፣ በመንገዱ መብራት፣
የብርቄ ሰሌዳ አለ፤ ቀለሙ ረግፎ፣ ዝገት በልቶት።
የ«ፌ»ዋ ቀለበት ጠማማ ናት፤ ያን ቀን ውሻ መሰላሌን ገፍቶት።
ሰው «የብርቄ ቤት የት ነው?» ሲባል ግን በእሷ ነው የሚያመለክት።

ክፍል ዘጠኝ ላይ ልጁ «ዕጣ» የሚባል ነገር አመጣ፤
ቁጥሩን ማሽኑ ይመርጣል፣ ከአንድ እስከ አምስት፣ እንደወጣ።
ክቡን በነጥብ ከፋፍዬ ሦስት መቶ ስልሳ ጊዜ አዞርኩት፣
በየዙሩ ጥቂት ዕጣ ጨምሬ እንዲንቀጠቀጥ ተውኩት።
ወጣ። የውሻው ግፊያ ያለበት ክብ።
እጄን አየሁት፤
ቀለም የለበትም። አሸተትኩት፤ የጋዝ ሽታ አጣሁበት።

ጠዋት ውባንቺ መጣች፣ መቀስ ይዛ፣ ቸኩላ፤
«ምነው ይሄ ክብ ተበላሸ፣ ጋሽ አስረስ?» አለች ጎንበስ ብላ።
ልታጠፋው ጣቷ ሲሄድ፣
«ተይው» አልኳት፤ «የት ጋ እንደተበላሸ አውቃለሁ፤
መስመር አሥራ አራት ላይ ነው። ተቀመጪ፣ አሳይሻለሁ።»