አባ ኮዳ

አሞራ ገደል ጠዋት፣ ጀልባዎቹ ሳይራገፉ፣
አባ ኮዳዎች መጡ፣ በአንድ እግር ተሰለፉ፤
ኮታቸው ያረጀ፣ አንገታቸው የተላጠ፣
ልክ እንደ ተበተነ ጦር፣ ደመወዙ እንደ ተቋረጠ።

አባቴንም የሰፈር ልጅ አባ ኮዳ ነበር የሚለው፣
ጎኑ የተጨረመተ፣
ከትከሻው የማይወርድ ኮዳ ስላለው።

ሃምሳ አለቃ ዳንጊሶ ሆጤሶ፣ የመገናኛ ሠራተኛ፣
ሬዲዮ አዝሎ አቀበት የወጣ፣ አሥራ አራት ዓመት ያልተኛ።
ጦሩ ሲፈርስ፣ ገሚሱን በእግር ገሚሱን በጭነት መኪና
መጣ፤ ሐይቁን ከሩቅ ሲያይ፣ ቤት ሳይደርስ ገና፣
ቁጭ ብሎ ጫማውን ፈታ፣
እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ዋለ እስከ ማታ።
«ምነው ወደ ቤት ሳትገባ?» ሲሉት
«እግሬ ይቅደም» አለ አሉ፣ «እሱ ነው ያመጣኝ።»
እናቴ ይኼን ስትነግረን ትስቃለች።
እሱ ችቦ ባትሪውን ፈቶ ይገጥማል፣ ፈቶ ይገጥማል።

ከፍቅር ሐይቅ ወረድ ብሎ፣ ከአንድ ዋርካ ሥር፣
የሳሙና ሳጥን ዘርግቶ ሬዲዮ ይጠግን ነበር።
አጥማጆቹ ውሃ የጠጣ ሬዲዮ ሲያመጡለት ይከፍታል፣
ጆሮውን ያስጠጋል፣ በትንፋሹ አሸዋ ያራግፋል፣
«ገና ይተነፍሳል» ይላል፣ «ይኼ ሰው ይተርፋል።»
ብር ለሌለው፣ ሁለት ቆሮሶ።
ቆሮሶም ለሌለው፣ ሌላ ቀን።

ሌሊት ግን፣
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲጀምር፣
ከእንቅልፉ ውስጥ ይጣራ ነበር፦
«ዋንዛ ሁለት፣ ዋንዛ ሁለት፣ ይሰማል? ተቀበል።»
ዝም።
«ዋንዛ ሁለት፣ ይሰማል? ተቀበል።»
እናቴ እጇን ደረቱ ላይ ታኖራለች።
እኛ ሦስታችን በአንድ ብርድ ልብስ፣ ትንፋሻችንን ይዘን፣
ዋንዛ ሁለት እንዲመልስ እንጠብቃለን።
አልመለሰም። አንድም ቀን።

«አባባ፣ ኮዳውን ጥይት ነው የመታው?»
«አህያ ነው የረገጠው።»
ከዚያ ወዲያ ቃል የለም።
እኔ ግን አልተስማማኝም፤
ሦስተኛ ክፍል ጥይት አደረግኩት፣ አምስተኛ ክፍል የመድፍ ፍንጣሪ፣
ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ ብቻውን ምሽግ ሰባሪ።
አህያይቱን ደበቅኳት። አፈርኩባት።

ባለፈው ጥቅምት ቀበርነው።

በድንኳኑ በሦስተኛው ቀን አንድ አንካሳ ሽማግሌ መጣ፣
ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ ሌሊቱን ከወልዲያ የወጣ።
ሙሾ የለ፣ ለቅሶ የለ። ጎንበስ ብሎ አለፈ፣ ጥግ ፈልጎ ተሸሸገ፣
ከፎቶው ጎን የተሰቀለውን ኮዳ አየና ፈገገ።
«ይቺንማ ሎሚ ናት የረገጠቻት።»
«ማን?»
«አህያችን። ስም ያወጣላት እሱ ነው።
ባትሪ ጭና ወደኔ ስትመጣ ፈንጂ ላይ ወጣች።
ስንቱን ቀብሮ ያላለቀሰ ሰው፣ ያን ዕለት አለቀሰ፤
በሬዲዮ ሰማሁት።»

«እርስዎን» አልኩ፣ «ማን ልበል?»
ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ፣
«ዋንዛ ሁለት» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«የቀረችኝ ባትሪ ለመስማት እንጂ ለመናገር አትበቃም ነበር።
ሌሊቱን ሙሉ ሲጠራኝ እሰማዋለሁ፣
እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ‹አቤት› እለዋለሁ፣
በአፌ፣ እንዲሁ በባዶው።
በኋላ ሞቷል አሉኝ፤ አመንኩ።
አሁን ነው እውነት የሆነው።»

ሰው ሁሉ ሲበተን፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ኮዳውን ይዤ ወረድኩ።
አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈዋል፤ አንዱም ቦታ አልለቀቀልኝም።
አፉ ድረስ ሞላሁት፣ ወስጄም ከቤት ሰፈርኩት፦
ሊትር ተብሎ ተጽፎበታል፣
ሊትር ግን አይሞላም፤
የአንዲት አህያ ኮቴ ያህል
ይጎድላል።