ባለ ሦስት እግር በርጩማ

በርጩማውን ጠራቢው እኔ ነኝ፤
ግንዱን ከጌራ ጫካ ያመጣልኝ
ተማም ነበር፤ ትከሻው ተልጦ፣
ሁለት ቀን የክረምት ጭቃ አቋርጦ።
«ሦስት እግር አውጣለት» አለኝ፣ «ለአባ ቦራ፤
ሦስት እግር አይነቃነቅም በጎርባጣ ስፍራ።»

ታላቅ ወንድሙ ግቤ ላይ የጠፋ ሌሊት
ባዶ ፈረሱን ተማም ነው የሳበው ወደ ቤት።
ጠየቁት። «ወንዙ ሞላ» አለ፤ ሌላ አልጨመረ።
በሳምንቱ በርጩማዬ ላይ፣ ጅሬን፣ ንጉሥ ነበረ።

ብቅል አይቀምስም ተማም፤ ብርዝ ነው የሚጠጣ።
ሆዱ ያባው ነገር በምን በኩል ይውጣ?
ንጉሡ ግን ያን ዝምታ ሌት ሌት ያዳምጠዋል፤
ከተከፈተው አፍ ይልቅ የተዘጋው ያስፈራዋል።

ሐሙስ፣ ሂርማታ ገበያ፣ የልጁን አምባር ሲያስለካ
«ጌታህ ይጠራሃል» አሉት። ሳቀ፤ ጦሩን እንኳ
ከሻጩ ዘንድ ትቶ ወጣ፣ ዳገቱን፣ በእግሩ።
ያ ጦር ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ ዝጓል ዳር ዳሩ።

ትናንት ማታ ጠሩኝ፤ «በርጩማህ ይነቃነቃል» አሉ።
አንድ ባንድ ለካሁ፤ እግሮቹ እኩል ናቸው ሁሉ።
የሚንቀጠቀጠው የሰውየው ጉልበት ነው።
«እንጨቱ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።
እኔም ብርዝ ብቻ ነው የምጠጣው።